ለእቁብ የምንታመነውን ያህል ለራሳችን እንታመን

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያስፈራው ሰው አለ ሲባል ብዙዎች አያምኑም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን እንደያዝኩ ከመገናኛ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ እመላለስ ነበር። መውረጃዬ ሃያ ሁለት ነው። ሌላ ሰው «ወራጅ» ካለ አብሬው እወርዳለሁ። ማንም ካላለ ግን ድምፄ አይወጣም። ስንት ቀን ኡራኤል ድረስ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። በክረምት ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ «ቆይ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?» እላለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቼ ነው። ያገኘሁትም ከእቁብ ነው። ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የምንጥለው እቁብ ነበረን። አንድም ሳምንት አሳልፌ አላውቅም። ብር ሲያጥረኝ ምሳ ትቼ ጥያለሁ። ለጓደኛ ቀጠሮ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግም እንዲሁ ነበርኩ። ለራሴ የገባሁት ቃል ግን ተጠብቆ አያውቅም። «ከሰኞ ጀምሮ በጠዋት እነሳለሁ።» «ነገ አለቃዬን ስለ ደሞዜ አናግራለሁ።» «ከእንግዲህ እንዲህ ሲናገሩኝ ዝም አልልም።» ሰኞ ይመጣል፣ ሰኞ ያልፋል።

ቃሉን ደጋግሞ የሚያጥፍ ሰው ቢኖር ገንዘባችንን አናበድረውም፣ ምስጢራችንንም አንነግረውም። እኔን ደጋግሞ የዋሸኝ ሰው ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ። ታዲያ በራሴ በምን ልተማመን?

ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን እምነት መልሼ የገነባሁበትን መንገድ ነው። በየተራ ሥሩት። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ።

1. አንዲት ቃል ምረጡ፣ ትንሽ ትሁን

የመጀመሪያዋ ቃል በጣም ትንሽ መሆን አለባት። ደክሟችሁ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እንግዳ መጥቶባችሁ እንኳ የምትሠሩት ዓይነት። «በየቀኑ አንድ ሰዓት ስፖርት» ትልቅ ነው። «ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ አልጋዬን አነጥፋለሁ» ትክክለኛ ልክ ነው። «ጫማዬን ማታ ጠርጌ አድራለሁ» እሱም ጥሩ ነው። «አንድ ገጽ አነባለሁ» ይሆናል። «አነባለሁ» ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም፤ መቼ እንደተፈጸመ አይታወቅምና።

ቃሏን ሁልጊዜ ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሯት። ሰዓት ይረሳል፣ ቡና ግን አይረሳም። «የጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ ስኒውን እንዳስቀመጥኩ፣ የዛሬን ሦስት ሥራዎች እጽፋለሁ።» «ቤት ገብቼ ጫማዬን እንዳወለቅኩ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ እተወዋለሁ።» ነባሩ ልማድ አዲሱን ይጎትተዋል።

ከዚያ አንድ ርካሽ ደብተር ግዙ። የስልክ አፕ ያላችሁ በእሱም ይሆናል፤ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ። ስልኩን ለምልክት ከፍተነው ግማሽ ሰዓት ቲክቶክ ላይ እንቀራለን። በየማታው ቃሏን ከጠበቃችሁ አንድ መስመር አስምሩ። የእቁብ ጸሐፊ ከፋይ ስም ላይ ምልክት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ያልከፈለ ሰው እንደሚታወቀው ሁሉ ያልጠበቃችሁት ቀንም ይታወቃል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ለንደን ውስጥ በ96 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ሰዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ልማድ መርጠው በየቀኑ ሞከሩ። ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣት፣ ፍራፍሬ መብላት የመሳሰለ ነው። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፣ የአንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገመተ። ስለዚህ በ21 ቀን ልማድ ይያዛል የሚለውን ወሬ ተዉት። 21 ቀን ሞልቶ ካልለመደባችሁ ችግሩ የእናንተ አይደለም። ሁለት ወር ከሳምንት ስጡት። ከጥናቱ ልቤን ያሳረፈልኝ ግን ሌላው ነገር ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም።

2. ድምፃችሁን በትንሽ በትንሹ አውጡ

ድፍረት መጥቶ ከዚያ እንናገራለን ብላችሁ አትጠብቁ። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 በጻፈው ጽሑፍ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት መንገዶች ዘርዝሯል። ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት አንዱ ነው። «ትችላለህ» መባልም ይረዳል። የሰውነታችን ስሜትም ድርሻ አለው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ራስ ሠርቶ ማየት ነው። ማለትም መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ይታመናል።

ስለዚህ መሰላል ሥሩ። የእኔ መሰላል ይህን ይመስል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የሕንፃውን ጥበቃ በስማቸው ጠርቼ ሰላም ማለት። ስማቸውን አላውቅም ነበር፤ ጠየቅኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ መልስ ሲረሳ «መልስ አልሰጠኸኝም» ማለት። በሦስተኛው «ወራጅ አለ»። እዚህ ላይ የረዳኝን ልንገራችሁ። ለጥቂት ቀናት ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኖ ቀስ ብሎ ማለት ይበቃል። ከዚያ አንድ ወንበር ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ሌላ አንድ። የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ያልኩ ቀን ሹፌሩ ዝም ብሎ ቆመ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ለዓመታት የፈራሁት እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት። ይህ ለብዙ ሰው ከ«ወራጅ» ይከብዳል። «አመሰግናለሁ፣ ልመለስ» ብሎ መውጣት ባለሱቅን መበደል አይደለም። ቀጥሎ ቢሮ ገብቶ «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ማለት። ከዚያ ስብሰባ።

ለስብሰባ አንድ ምክር አለኝ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ ነገር ተናገሩ። ጥያቄ ቢሆንም ይበቃል። ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ዝም ያለ ሰው አፉን ሲከፍት ትልቅ ነገር መናገር ያለበት ይመስለዋል።

አነጋገራችንንም እንየው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የሚፈራ ሰው ደግሞ መጨረሻው ላይ ድምፁን ይውጠዋል። «እኔ ይህን ሐሳብ...» ብሎ ቢያልጎመጉም፣ ይደግፈው ይቃወመው የሚያውቅ የለም። ዋናውን ቃል ነው የዋጠው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ከመጀመሪያው እኩል አጥርታችሁ አውጡ። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ውስጥ ለውጡን ጆሯችሁ ይሰማዋል።

ስለ ዓይንም አንድ ነገር ልበል። «ሰውን ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አናግሩ» የሚለው ምክር ከውጭ እንደመጣ አይወሰድም። እኛ ዘንድ ልጅ ታላቁ ፊት ዓይኑን ዝቅ የሚያደርገው ለአክብሮት ነው። እሱን አትተዉት። ከእኩያ ጋር፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ሥራ ሲጠይቋችሁ ግን ቀና በሉ። ጨዋነትና ፍርሃት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የቱ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ተሳስታችሁ ብትናገሩስ? እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪች የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ አለ። አንድን ተማሪ የሚያሳፍረው ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል ያስገቡታል። ከዚያ «ስንቱ ያየብህ ይመስልሃል?» ይሉታል። የለበሱት ተማሪዎች ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ እንዳየባቸው ገመቱ። በእርግጥ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ምን ይሉኛል ብለን ከምንፈራው ሰው ብዙው የራሱን ነገር እያሰበ ነው።

3. ስለ ራሳችሁ የምትናገሩትን ስሙ

ለሦስት ቀን ብቻ አድምጡ። ምንም አትቀይሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ»፣ «ኧረ እኔ አልረባም»፣ «የእኔ ነገር መቼም አይሳካ» የምትሉትን ደብተሩ ላይ ጻፉ። እኔ በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ተያዝኩ።

ቀጥሎ አንዷን ብቻ ለውጡ። የምመክረው ምስጋና የምትቀበሉበትን መንገድ ነው። «ልብስሽ ያምራል» ሲሉን «ኧረ አሮጌ ነው» እንላለን። «ሪፖርቱ ጥሩ ነበር» ሲሉን «ባክህ ተወው፣ ዝም ብዬ ነው የሞነጫጨርኩት»። ሌሊት አምሽተን የሠራነውን! ከዛሬ ጀምሮ መልሳችሁ አንድ ቃል ይሁን፦ «አመሰግናለሁ።» ከዚያ ዝም። መጀመሪያ ላይ አፍን ያሳክካል፣ የሆነ ነገር ጨምሩ ጨምሩ ይላችኋል። ያልፋል።

ይህ ትዕቢት ይመስለኛል የምትሉ ትኖራላችሁ። ተከባብሮ ባደገ ሰው ዘንድ የሚጠበቅ ስጋት ነው። ግን ትሕትና ሌላውን ማክበር እንጂ የገዛ ሥራን መዋሸት አይደለም። ደግሞም ያመሰገናችሁ ሰው ከልቡ ከሆነ «አሮጌ ነው» ስትሉት ዓይኑን አላመናችሁትም።

4. «አይ» ማለትን ተለማመዱ

ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ብዙ ሰው በራሱ የማይተማመነው ችሎታ አጥቶ አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን ለጠየቀው ሁሉ ስለሚሰጥ ነው። ማታ ባዶ እጁን ሲቀር በጠየቁት ሰዎች ይናደዳል፣ ከዚያ በራሱ ይናደዳል።

ይሉኝታን ጠቅልላችሁ አትጣሉት። ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖረው፣ ለቅሶ ላይ ያቆመን እሱ ነው። ይሉኝታ ቢስ መሆን ማንንም አያስከብርም። የምንፈልገው ልክ ነው።

ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃችሁ ወዲያው አትመልሱ። ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፦ «አስቤበት ነገ ጠዋት ልንገርህ።» ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል። «እሺ» የሚለው ቃል ከአፋችን የሚያመልጠው ሰውየው ፊት ለፊት ስለቆመ ነው። ግን ነገ ጠዋት ሳይጠራችሁ ራሳችሁ ደውሉ። አስብበታለሁ ብሎ መጥፋት ቃል ማጠፍ ነው።

መልሳችሁ «አይ» ከሆነ አጭር ይሁን። ምክንያት በደረደርን ቁጥር ሰውየው አንድ በአንድ ያፈርሰዋል፣ እኛም ውሸት እንጨምራለን። ጥቂት ናሙናዎች እነሆ።

ብድር ለሚጠይቅ ባልደረባ፦ «አሁን አልችልም ወንድሜ። እንዲሳካልህ እመኛለሁ።»

የራሱን ሥራ ለሚጭንባችሁ አለቃ፦ «ሪፖርቱ ለነገ ይፈለጋል። ይህን ከያዝኩ ያ ይዘገያል። የቱን ላስቀድም ይላሉ?»

ለታላቅ ዘመድ፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ አይሆንልኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሑድ መጥቼ ላግዝዎት?» የመጨረሻውን የምትጨምሩት እሑድ በእውነት ከቻላችሁ ብቻ ነው።

ሚዜ ሁኚ ተብላ የልብሱ ወጪ ለከበዳት፦ «ስለመረጥሽኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ወጪውን ግን አልችለውም። በሌላ ነገር ከጎንሽ ነኝ።» ይህን ካለች በኋላ የሚቀየም ሊኖር ይችላል። ከብድር ጋር ስድስት ወር ከመኖር የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ይቀላል።

በውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ከሁሉ ይከብዳል። ስልክ በተደወለ ቁጥር አንድ ችግር አለ። ችግሩም እውነት ነው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ፣ የወር ደሞዟን ሙሉ በሙሉ ልካ፣ ስትመለስ በስሟ አንድ ብር ያልቆየላት እኅት ስንቷ ናት። የምመክረው ይህን ነው፦ በወር የምትልኩትን መጠን ራሳችሁ ወስኑ፣ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። «በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።» ከዚያም ከመላካችሁ በፊት ትንሽም ብትሆን በራሳችሁ ስም አስቀምጡ። ቤተሰብ ልኩን ሲያውቅ ማቀድ ይችላል። የእናንተም ልብ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጡን ይቀንሳል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ማዕድ ላይ «በሞቴ» ሲሏችሁ እዚያ «አይ» ማለትን አትለማመዱ። ጉርሻውን ጉረሱ። እሱ ፍቅር ነው፣ ከእናንተ የሚወስደው ነገር የለም።

5. ለራሳችሁም እቁብ ጣሉ

ገንዘብ ያለው ሰው ይተማመናል ይባላል። መጠኑ ትንሽ ሆኖም ሊሠራ ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሃምሳም ትሁን መቶ ብር፣ በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡ። ለእቁቡ ቀን እንዳለው ለዚህም ቀን ይኑረው። ዋናው ቁም ነገር አለመቋረጡ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሰው ክብራችሁን ሲነካ የአንድ ወር ወጪ በእጁ ያለው ሰው የሚመልሰው መልስ ከባዶ እጅ ሰው ይለያል።

6. ገላን፣ ልብስንና እንቅልፍን አትናቁ

እዚህ ላይ አላስረዝምም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ንጹሕ ልብስ፣ የተጠረገ ጫማ፣ የተቆረጠ ጥፍር። አዲስ መሆን የለበትም። ከቻላችሁ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። ከመተኛታችሁ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ከስልክ ነፃ አድርጓት። ሌሊት የሰው መኪናና የሰው ሠርግ ሲያይ ያደረ ሰው ጠዋት የራሱ ኑሮ ያንስበታል።

7. ስትወድቁ ምን ታደርጋላችሁ

ትወድቃላችሁ። ታማችሁ፣ ሐዘን ደርሶባችሁ፣ ወይ ዝም ብሎ ደክሟችሁ ሦስት ቀን ምልክት የሌለው ገጽ ይኖራል። ያን ጊዜ የሚመጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፦ «ይኸው፣ ድሮም አንተ እንዲህ ነህ።»

እቁብተኛ አንድ ሳምንት ቢያሳልፍ ሰብሳቢው ምን ይላል? «ምነው፣ ደህና ነህ? ለሚቀጥለው ደርበህ አምጣ» ይላል። ስድብ የለም፣ ግን መተውም የለም። ለራሳችሁም እንደዚያ በሉ። መደረቡን ግን እዚህ ላይ ተዉት፤ ያለፈው አልፏል። ደብተሩ ላይ ያዘለላችሁን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉና ዛሬ ጀምሩ። ቃሏ ከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ አሳንሷት። አንድ ገጽ ካቃተ አንድ አንቀጽ። ማሳነስ መሸነፍ አይደለም። ሁለት ተከታታይ ሳምንት ካልሆነላችሁ ግን ያ ልማድ ለእናንተ አልተስማማም፣ ሌላ ምረጡ።

ልማድ የማይፈታው ነገርም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ደብተሩን አስቀምጡና ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ወደ ሕክምናም ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙን ለስድብ የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ሰው ከሕክምና አስቀርተዋል፤ እናንተ አትስሟቸው። ቤታችሁ ውስጥ የሚመታችሁ ወይም የሚያዋርዳችሁ ሰው ካለም፣ ጉድለቱ የእናንተ በራስ አለመተማመን ነው ብላችሁ አትሸከሙት። መጀመሪያ ከአደጋው የምትርቁበትን መንገድ ፈልጉ።

8. ሁለተኛዋን ቃል መቼ ትጨምራላችሁ?

የመጀመሪያዋን ሳታስቡት ስትሠሯት። አልጋውን አንጥፋችሁ ጨርሳችሁ «መቼ አነጠፍኩት?» ያላችሁ ቀን ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ያቺን ከደብተሩ አውጧትና በቦታዋ ሌላ አስገቡ። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትያዙ። እኔ አሁን በአራተኛው ደብተር ላይ ነኝ። የዚህ ወር ቃሌ «ስብሰባ ላይ ሰው ሐሳቤን ሲያቋርጠኝ፣ ‹ልጨርስ› እላለሁ» የሚል ነው። እስከ ትናንት ማታ ዘጠኝ ምልክት አለው።